በዓይኑ ዓ

ቶይባ ጓዳ ውስጥ፣ በጤፍ ጆንያዎች መሀል ጋቢ ተከናንባ ድምጿን ልትቀዳ ስትዘጋጅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ዓሪፍ በስልክ «እሷማ ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ ናት» ሲል ሰማች። እናቱም እንዲሰሙለት ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፍቶት ስለነበር የጠያቂዋ ቃል ጭምር ጥርት ብሎ ይመጣል። ጠያቂዋ ፌቨን ነበረች፤ «ደጃፍ» የሚባለው፣ በስልክ ያዘዙትን ዕቃ ቤት ድረስ የሚያመጣው ሱቅ፣ የወልድያ ቢሮውን እንድትከፍት የላካት የአዲስ አበባ ልጅ። የጠየቀችውም ክፉ ነገር አልነበረም። «ቻናላችሁ ላይ የምትናገረዋ ልጅ ማናት? አብራህ ነው የምትሠራው?» ነው ያለችው። ዓሪፍ የመለሰው አንሶት ሳቅ ብሎ ጨመረበት፦ «የጻፍኩላትን ነው የምታነበው።»

ቶይባ ጠበቀች። የጠበቀችው እሱን አይደለም፤ አክስቷን ነው። ወይዘሮ መዲና እዚያው ሳሎን ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። «ኧረ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ምን ይላል ይሄ!» ይላሉ ብላ ጠበቀች። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ትኩሳት ሲይዛት አዝለው ጤና ጣቢያ የሄዱት እሳቸው ናቸው። የሰማችው ግን ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ ብቻ ነው። ስኳሩን ሲያማስሉ ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ፉት አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይኼኛው ዝምታ ግን ሻዩ ሳይበርድ ነቀዘ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የሰው ዕቃ ትመርጣለህ፣ ፎቶውን ቻናልህ ላይ ትለጥፋለህ፣ ታሞግሳለህ፣ ከሥሩ ኮድህን ታስቀምጣለህ። ገዢው ሲያዝ ያንን ኮድ ከጻፈ ለእሱ ዋጋ ይቀነስለታል፤ ለባለ ኮዱ ደግሞ ድርሻው ይላክለታል። ወይዘሮ መዲና «የስልክ ድለላ» ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። ቶይባ ከሰባት ወር በፊት ስትጀምረው የጀማሪ ጥፋት የሚባለውን ሁሉ አንድ ሳይቀር አጥፍታለች። በቀን ሠላሳ ዕቃ ትለጥፍ ነበር፤ ጫማው፣ ሽቶው፣ የፀጉር መተኮሻው፣ ያላየችውን ዕቃ ሁሉ «ምርጥ ነው» ትላለች፣ የሚሰማት የለም። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልገዛም። በኋላ ላይ አንዲት በፀሐይ የምትሞላ መብራት ከጎረቤት ተዋሰች። መብራት በጠፋ ቀን ጓዳ ውስጥ አበራቻትና ልክ ከሴቶች ጋር እንደምታወራው አድርጋ አወራች፦ «እህቶቼ፣ ይቺ መብራት ሽሮ ታስከሽናለች፣ ቁርኣን ታስቀራለች፣ ውጪ ብትረሷት ግን ዝናብ አትችልም፣ ወላሂ እንዳልዋሻችሁ።» ጉድለቱን ስለተናገረች ሰው አመናት። መጀመሪያ የገዛችው የውርጌሳ ነርስ ነበረች። ከእሷ በኋላ እህቷ፣ ከዚያ የእህቷ ጎረቤት፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቻናሉ ስድስት ሺህ ሰው ደረሰ። ዓሪፍ ከዚያ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፈም።

የእሱ ድርሻ ስሙ ነው። ስትጀምር መታወቂያዋ ገና ስላልወጣ በእሱ አስመዘገበችው። «ቤታችን አንድ፣ ስሙ ምን ያደርጋል?» አላት። ኮዱም ስሙ ሆነ፤ ዓሪፍ። ገንዘቡ በእሱ ስልክ ይገባል፤ ለእሷ የኢንተርኔት ጥቅል ይሞላላታል። መታወቂያዋ ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል፤ «አብሽሪ፣ እናስተካክለዋለን» እያለ ዛሬ ደረሰ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ ሼህ ሰይፉ ስሙን ሲያወጡለት በዓይኑ ዓ ነው ብለው ነበር፤ «አዋቂ ማለት ነው፤ የመንደር አሪፍ ማለት አይደለም» ይሉ ነበር ለጻፊው ሁሉ። መታወቂያውም፣ ኮዱም በዓይኑ ዓ ነው። አገር ምድሩ ግን አሪፍ የሚለውን ቃል የሚጽፈው በአልፋው አ ነው፤ ስልኩም ራሱ ቀድሞ የሚያቀርበው እሱን ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ሱቁ «ይህ ኮድ የለም» ይለዋል፤ ከዚያ ለቶይባ ይጽፋል። ስንቱን ቀን፣ እጇ ሊጥ ሆኖ እንኳ በክርኗ ስልኩን እየገፋች «እህቴ፣ በዓይኑ ዓ ጻፊው» ስትል ኖራለች። ዓሪፍ ይህን አያውቅም። የሚያርመው ሰው ስላለ ስህተቱ ደርሶበት አያውቅም።

ዛሬ የውድድሩ ቀን ነው። ደጃፍ ወልድያ ላይ ቢሮ ሲከፍት የሰሜን ወሎ ወኪል ይፈልጋል፤ ደመወዝ ያለው፣ ከጀርባው መኝታ ክፍል ያለው ቢሮ የሚሰጠው እውነተኛ ሥራ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ድረስ በኮዱ ብዙ ገዢ ያመጣ፣ ዛሬ የተመዘገበም ቢሆን፣ ወኪል ይሆናል። የከተማቸው የመርሳ ሰው ሁሉ ዓሪፍ ያሸንፋል ብሎ ጨርሷል። ቶይባም ጨርሳ ነበር፤ እሱ ከተሾመ ወዲያ ፌቨን ፊት «ሥራው የእሷ ነው» ይላል ብላ፣ በሆዷ፣ ሞኟ።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ጓዳ ብቅ አለ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ወልድያ ላይ በሦስት ባጃጅ ሞንታርቦ ጭኖ የሚያዞረውን ማስታወቂያ እንድትቀዳለት ነው። ወረቀቱን አየችው። «የትኛው አ እንደሆነ ልጨምርበት?» አለችው፤ ከልምድ የተነሳ ነው እንጂ ገና ምንም አላሰበችም።

«ረዘመ፤ ቁረጪው። ‹ዓሪፍ ብላችሁ ጻፉ› ይበቃል። ስሜን የማያውቅ አለ እንዴ?»

«እሺ» አለች። ጋቢውን ተከናነበችና ቀዳችው። ወልድያ ላሉት ባለባጃጆችም በስልክ ላከችላቸው።

ሚኒባሱ ከመርሳ ሲነሳ ሾፌሩ ከታሪፉ ላይ ሃያ ብር ጨምሮ በሰው መቶ ብር አለ፤ የገበያ ቀን ነው። ዓሪፍ ከፊት፣ ወይዘሮ መዲና መሀል፣ ቶይባ ከኋላ በሁለት የዶሮ ቅርጫት መሀል ተቀመጡ። አክስቷ ወደ ኋላ ዞረው «ቁርስሽን በላሽ?» አሏት። «በልቻለሁ» አለች፤ አልበላችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፊቷን አይተው ያውቁ ነበር። ዛሬ ቶሎ ዞሩ። ያኔ ነው ጠዋት ጓዳ እንደነበረች እንደሚያውቁ የገባት፤ ሁሉንም እንደሰማች ያውቃሉ፣ አውቀውም ነው ቁርስ የሚጠይቋት። ልቧ እዚያ ላይ ቆረጠ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የወጋው ሳይረሳ ቁርስ በላሽ ወይ ሲል ደግሞ ምን ይባላል?

ሲሪንቃን ሳያልፉ ስልኳን አወጣች። የምዝገባውን ገጽ ከፈተች፣ የመታወቂያዋን ፎቶ ላከች፣ ስሟን ሞላች፦ ቶይባ ሰይድ። «ኮድዎን ይምረጡ» አላት። ቶይባ ብላ ጻፈች። ትንሽ አየችውና አጠፋችው። ከፊት ዓሪፍ ለሾፌሩ ስለ ወኪልነቱ እያወራ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ከአንገቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ጣቷ አ ላይ ሄደ። አልፋው አ፣ ሪ፣ ፍ። «ተይዟል» ይለኛል ብላ ነበር። አላላትም። አረንጓዴ ምልክት መጣ፤ «እንኳን ደስ አለዎት አሪፍ!» አላት። በዚያች ደቂቃ የተሰማትን ነገር ሐዘን ብሎ የሚጠራው ካለ ይዋሻል። ደስታ ነበር። ጥፍሯ ድረስ የሚሞቅ፣ ክፉ፣ ጣፋጭ ደስታ።

አንድ ነገር ቀረ። ቻናሉ አናት ላይ ከአራት ወር ጀምሮ የሰቀለችው ጽሑፍ አለ፦ «ኮዱ በዓይኑ ዓ ነው፤ በአልፋው አ ከጻፋችሁ አይቀበላችሁም።» አጠፋችው። የዋሸችው ነገር የለም፤ ማረሟን ብቻ ነው የተወችው።

ወልድያ ሲደርሱ ባጃጆቹ ተነስተዋል። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ የራሷ ድምፅ እየዞረ ተቀበላት። «የወልድያ ሰዎች፣ የዛሬው ቅናሽ እንዳያመልጣችሁ፣ ኮዱን ዓሪፍ ብላችሁ ጻፉ!» የበርበሬ ነጋዴዋ፣ የጫማ ጠጋኙ፣ ለደመወዝ ወጥተው አንገታቸውን ወደ ስልካቸው የደፉት የቢሮ ሠራተኞች፣ ሁሉም ይነካካል። ዓሪፍ በየማዕዘኑ እየቆመ ሰው ሲጽፍ በሩቁ ያያል፤ ቀርቦ ግን የሰው ስክሪን አያይም። ያ የቶይባ ሥራ ነበር። የዕለቱንም ቆጠራ የደጃፍ ሰዎች ለውድድሩ ሲሉ ለማንም እንዳይታይ ዘግተውታል። እሱም ሳይጠራጠር ሳቀ፣ ሰላም አለ፣ ትከሻ መታ።

አንድ ሰው ብቻ ሊያበላሽባት ነበር። ጋሽ ተስፋዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ለልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ሊያዝዙ መነጽራቸውን አውርደው ከአንዱ ባጃጅ ጎን ወደ ቆመችው ቶይባ መጡ። «ልጄ፣ በዓይኑ ነው በአልፋው? ማስታወቂያው አይለይም እኮ፤ ይሄ ጥፋት ነው» አሏት። ቶይባ ዘወር ብላ አየች። ዓሪፍ ከአሥር እርምጃ በላይ አይርቅም። በአልፋው ብትላቸው ውሸት አይሆንም፤ አሁን ያ ኮድ አለ። ነገር ግን ሽማግሌ ዓይን ዓይኗን እያዩ በዝግታ የሚጠይቁትን ነገር ለበቀሏ መጠቀም አስጠላት። «እንደሚያውቁት ይጻፉት፣ ጋሼ» አለቻቸው። እሳቸውም ቆም ብለው፣ አስበው፣ ሥርወ ቃሉን ለራሳቸው አስረድተው፣ በዓይኑ ዓ ጻፉ። ያን ቀን ዓሪፍ ካገኛቸው ጥቂት ገዢዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ምሳ ላይ ዓሪፍ ጥብስ ጋበዘ። ምግብ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ላይ አሮጌው ዋጋ በእስክርቢቶ ተሰርዞ አዲሱ ተጽፏል፣ አዲሱም ተሰርዟል። ወይዘሮ መዲና ሥጋውን እየመረጡ ወደ እሷ በኩል ይገፉላታል። እንዲህ ነው እሳቸው የሚናገሩት፤ በቁራሽ። ቶይባ አንዱንም አልነካችም። ለዓሪፍ አንድ ዕድል ልትሰጠው አሰበች፣ ወላሂ ልትሰጠው አስባ ነበር። አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር፣ አንዲት ቃል፣ በስሟ ያወጣችውን ኮድ ሰርዛ ጽሑፉን መልሳ ልትሰቅለው።

«ፌቨን ስለ እኔ ጠይቃህ ታውቃለች?» አለችው።

ዓሪፍ ጉርሻውን አላመጠ። «ምን ትጠይቃለች? ስለ አንቺ አታውቅም።» ከዚያ መለስ ብሎ፣ ቸር እንደሆነ ሰው፦ «ደግሞ እኔ ስሾም አልረሳሽም። ቢሮው ስልክ የሚያነሳ ሰው ይፈልጋል፤ ድምፅሽ ጥሩ ነው።»

አክስቷ እጃቸው ጥብሱ ላይ ቆመ። ቶይባ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ወደ በሩ አዩ። «ውሃ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አሉ ለአስተናጋጇ። ቶይባ «አላህ ይስጥልኝ» አለችው ለዓሪፍ፤ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ አልራራችለትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ መቶ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ፤ ተወዳዳሪው፣ ዘመዱ፣ ከገዢዎቹም ሽልማት ይወጣላችኋል የተባሉት። ፊት ለፊት ዓሪፍና እናቱ፣ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ቶይባ ተቀመጡ። ፌቨን ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ ንግግር አላበዛችም። ወረቀቱን ገለጠች። «በዛሬው ዕለት መቶ ሠላሳ ስምንት ገዢ ያመጣው፣ የሰሜን ወሎ ወኪላችን... አሪፍ!» አለች።

ወይዘሮ መዲና እልል አሉ። የመርሳ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ዓሪፍ የሸሚዙን እጅጌ ጎተተ፣ እናቱን ግንባራቸውን ሳማቸው፣ ቀስ እያለ፣ ግራ ቀኝ እየጨበጠ ወደ መድረኩ ሄደ። ቶይባ ታየዋለች። እጇን ልታወጣ፣ «ቆይ» ልትል ትችል ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ቁጭ አለች። ደረጃውን ይውጣ። ማይኩን ይያዝ። ያዘ። «ቢስሚላህ። እዚህ የደረስኩት ሌት ተቀን ደክሜ፣ ብቻዬን...» ብሎ ጀመረ። ብቻዬን ሲል ሰማች፤ ቢያስቀረው ደስታዋ ይጎድልባት ነበር።

ፌቨን መታወቂያውን ተቀብላ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። ግንባሯ ተቋጠረ። «ይቅርታ፣ አንዴ» ብላ ማይኩን ወሰደችው። «ያሸነፈው ኮድ በአልፋው አ የተጻፈው አሪፍ ነው። የአንተ በዓይኑ ነው፤ አሥራ አንድ ገዢ ነው ያለው። የአሸናፊው ባለቤት... ቶይባ ሰይድ። አለች?»

የአዳራሹ ሰው ዞር ዞር እያለ ፈለጋት። ከዚያ ከኋላ ጋሽ ተስፋዬ፣ «ብዬ ነበር! ብዬ ነበር እኮ!» ብለው ጭናቸውን መቱ፤ ሳቁ ከእሳቸው ተነስቶ አዳራሹን ያዘው። ወልድያ ላይ እንዲህ በፊደል የተሳቀበት ሰው ይኖር እንደሆነ እንጃ። ዓሪፍ መድረኩ መሀል እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ቆመ። ቶይባ ተነሳች። ሰው እየሳቀ መንገድ ለቀቀላት። ማይኩ ሲሰጣት «አሰላሙ አለይኩም፣ እህት ወንድሞቼ» ከማለቷ አንዲት ሴት «ውይ እሷ ናት! መብራቷን የሸጠችልን ልጅ!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ተቀበለች፣ ሌላዋም። ስድስት ሺህ ሰው የሚያውቀው ድምፅ ፊት አገኘ። ፌቨን አየቻት፣ ዓሪፍንም አየችው፤ የጠዋቱ የስልክ መልስ በዓይኗ ላይ ሲያልፍ ቶይባ አየችው።

ዓሪፍ ጠጋ አለ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነው። «ምን አድርጌሽ ነው?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። ከልቡ ነው የሚጠይቀው። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አናደዳት።

«ጠዋት ጓዳ ነበርኩ» አለችው። ፈረመች። ፌቨን የቢሮውን ቁልፍ ሰጠቻት።

መናኸሪያው ላይ ወደ መርሳ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሳ ነው። ዓሪፍ ቀድሞ ገብቶ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ ከእሱ ጎን ወይዘሮ መዲና፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ስበው። ቶይባ ልብሷን ልታመጣ ዛሬን ከእነሱ ጋር አድራ ነገ ልትመለስ አስባ ነበር። እንዴት እንደሚመሽ አላሰበችም። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ስታደርግ ሾፌሩ ሒሳብ ሊቀበል ወደ ኋላ ዞረ። «እናንተ ስንት ናችሁ?»

«ሁለት» አሉ ወይዘሮ መዲና።

ሾፌሩ ደረጃው ላይ የቆመችውን አያት። ጠዋት ሦስቱንም ያመጣቸው እሱ ነው። እሳቸው ገንዘቡን ዘረጉለት። ቶይባ እግሯን አወረደች። በክፍቱ በር አክስቷ ቀና ብለው አዩዋት። ቢሳደቡ፣ ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

«አክስቴ» አለች፣ «ልብሴን ነገ ለሾፌሩ ይስጡልኝ።»

«የቱን ልብስ?» አሉ። «እኔ ያልገዛሁልሽ አለ?»

አልነበረም። የለበሰችውን ቀሚስ እንኳ ለዒድ ያሰፉላት እሳቸው ናቸው። በሩ ተዘጋ፤ ሚኒባሱ ባጃጆቹን እየገፋ ወደ አስፋልቱ ወጣ። እንባዋ መጣ፣ አላቆመችውም፤ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ በሰው መሀል እያለቀሰች ቆመች። ቢሆንም ጠዋቱ እንደገና ቢመጣ፣ ያንኑ ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር እንደምታደርገው ታውቅ ነበር።